በናይሮቢ በኩል ወደ ገላባት

ውጭ አገር መሄድ ለሌላው ኢትዮጵያዊ ትልቅ ነገር ነው። ሻንጣ ይገዛል፤ ዘመድ ይሰናበታል፤ እናት ስለት ትገባለች። እኛ መተማዎች ግን ከውጭ አገር ጋር የተዋወቅነው በነጠላ ጫማ ነው። ከከተማችን ጫፍ አንዲት ድልድይ አለች፤ ከድልድዩ ማዶ ገላባት ናት፤ ገላባት ደግሞ ሱዳን። ያኔ ሰላም በነበረ ጊዜ የመተማ ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ሳሙና ሲያልቅበት ነበር። ይሻገራል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል፣ ከወዳጁ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ምሳ ሳያልፈው ይመለሳል። «የት ጠፋህ?» ሲሉት «እዚሁ ነበርኩ» ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው «ለጉባኤ ውጭ አገር ተጋብዘሃል» ቢሉት ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት። የተጋበዝነው ሦስት ጓደኛሞች ነን። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሸበትኩ። ዶክተር አበጀ ከጎጃም የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ የቆላው ፀሐይ መልኩን እንጂ አነጋገሩን አልለወጠውም። ሲስተር ዘይነባ ግን የመተማ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ አረብኛውን ከሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ነው የለቀመችው። ሦስታችንም የምንሠራው የካላዛር ሕሙማን ክፍል ነው።

ካላዛርን ለማታውቁት፣ እንዳታውቁትም ለምመኝላችሁ ልንገራችሁ። የአሸዋ ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ሰውን ቀስ በቀስ አመንምኖ የሚገድል በሽታ ነው። እኛ «ሳሉግ» የምንለው፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ እርሻ ውስጥ ከዛፍ ሥር ሲያድር ዝንቧ ታገኘዋለች። መድኃኒቱ መርፌ ነው፤ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ የሚወሰድ። ነገር ግን ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ይረግፋል። ስለዚህ ሳሉጉ ትንሽ ሻል ሲለው መርፌውን ትቶ ይጠፋል። «ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ» ይባል የለ? እኛ ዘንድ እግዜርን አይረሱም፤ የሚረሱት ዘይነባን ነው።

ይመር የሚባል የወሎ ልጅ ነበር። ከግራ እጁ ትንሿን ጣት ማጭድ ወስዶበታል። ዘይነባን «እህታለም» እያለ ይጠራታል፤ መርፌ ስትወጋው ሌሎቹ ሕሙማን እንዳይፈሩ ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አጨዳው ሲያበቃ ጓደኞቹ በትራክተር ተሳቢ ላይ አጋድመው መለሱት። ከሄደበት ጊዜ ይልቅ ከስቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ልቡ ዝሎ ነበር የመጣው። በእጃችን ላይ አረፈ። ዘይነባ ጓደኞቹን የት እንደ ከረመ ስትጠይቃቸው «ማዶ» አሏት። ሌላ ነገር አያውቁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘይነባ ሌላ ሰው ሆነች። ሕክምና ስለሚያቋርጡ ሕሙማን አንድ ጥናት ካልጻፍን ብላ አበጀን ወጥራ ያዘችው። አበጀ ጻፈ፤ እኔ የላቦራቶሪውን ውጤት ሰጠሁ፤ ጽሑፉ ናይሮቢ ለሚደረግ የሕክምና ጉባኤ ተላከ፤ ተቀባይነትም አገኘ። የደስታችን ዕድሜ ግን ኃላፊያችን ቢሮ እስክንደርስ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው። ጥንቁቅ ኃላፊ ደግሞ ከክፉው ይልቅ ያስቸግራል። እኛ እዚሁ ሥራችንን ብንሠራ፣ ጽሑፉን እንግሊዝኛ የሚቀናው ሰው ከላይ ተመድቦ ቢያቀርበው እንደሚሻል በትሕትና አስረዳን። አበጀ መሬት መሬት አየ። እኔም ጣራውን።

«በሽተኛውን ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለች ዘይነባ። «ስለ እሱ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ኃላፊያችን እስክሪብቶውን አነሣና ፈረመ።

መሄጃችን ሲደርስ ደግሞ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘጋ። ሚኒባሶቹ ቆሙ። አበጀ በቪዲዮ እናቅርበው የሚል ሐሳብ አመጣ፤ የመተማን ኢንተርኔት እያወቀ እንዲህ ማለቱ ተስፋ መቁረጡን ነው የሚያሳየው። ዘይነባ ሻንጣዋን እንደ ያዘች ከመናኸሪያ ወደ ሰሊጥ መጋዘኖች ሄደች። አባቷን የሚያውቁ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት፣ መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ በሚወጣው አይሱዙ ላይ እንደሚያሳፍሩን ቃል ገቡላት። መንገዱ ተከፈተ። እሷ ከሾፌሩ ጎን፣ እኛ ሁለታችን ሰሊጡ ላይ ሆንን። አበጀ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እኔ ለአውሮፕላን ብዬ የለበስኩትን ኮት እያራገፍኩ፣ የቆላውን አቧራ ይዘን ደጋ ወጣን። ዘይነባ ታች ሆና ንግግሯን በእንግሊዝኛ ትለማመዳለች፤ ሾፌሩ ያልገባውን እያስደገማት። እንግሊዝኛዋ እንደ ተሳፈርንበት መኪና ነው። ዳገቱ ላይ ያቃስታል እንጂ አይቆምም።

ናይሮቢ በብርድ ተቀበለችን። ለሌላው ሰው ደስ የሚል አየር ነው አሉ፤ እኛ ግን በጥላ ሥር ሆነን ላብ የምንጠርግበት አገር ሰዎች ስለሆንን አዳራሹ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። አንድ ትልቅ ባለሙያ ካርታ ዘርግተው የእኛን አካባቢ በቀይ ቀለም አሳዩ። «ለመድረስ እጅግ አስቸጋሪ» አሉ። ከዚያ የመጣን ሦስት ሰዎች ከኋላ ወንበር ላይ ተያየን። አበጀ በጆሮዬ፣ ከዚህ ወደዚያ መድረሱ ቢያስቸግርም ከዚያ ወደዚህ መምጣቱ ግን ተችሏል አለኝ። ሳቄን በሳል አሳለፍኩት።

የእኛ ተራ ከምሳ በፊት ነበር፤ ሆድ ጆሮን በሚቀድምበት ሰዓት ማለት ነው። አበጀ ሰንጠረዡን አሳይቶ ሳይጨርስ የመድረክ መሪዋ ጊዜ እንዳለቀ ምልክት ሰጡት። ደንግጦ ሊወርድ ሲል ዘይነባ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለችው። እንድትናገር ፈቃድ አልጠየቀችም፤ የከለከላትም የለም። ስለ ይመር ተናገረች። ስለ ሳቁ፣ ስለ ጠፋችው ጣቱ፣ ስለ ባዶው አልጋ፣ ማዶ ደርሶ እንዴት ሆኖ እንደ ተመለሰ። የተለማመደችውን እንግሊዝኛ ግማሹን ረስታዋለች፤ ቀሪው ግን በቂ ነበር።

ጥያቄ ሲፈቀድ ከአዳራሹ መካከል አንድ ረጅም፣ ጠይም ሰው ተነሣ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ ከዚያ ተወውና በአረብኛ ለእሷ ብቻ የሚናገር ያህል ቀጠለ። እኔም የገበያ አረብኛ አላጣም፤ ሰማሁት። የጠፋችው ጣት የይመር ግራ እጅ እንደ ሆነች ጠየቃት። አዎ አለችው።

«እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አለ። «ሌላ ቦታ መታከሙን አልነገረኝም። መርፌውን ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።»

መድኃኒቱ ሲደራረብ ልብ እንደሚጎዳ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ዘይነባ ድምፅ ማጉያውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ገላባት» አለ። «ከክሊኒኬ ደጃፍ የእናንተ የውሃ ታንከር ይታየኛል።»

የመድረክ መሪዋ ነገሩን በእንግሊዝኛ እንድታስረዳ ጠየቋት። ዘይነባ፣ ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። እኛ አልሳቅንም።

ስሙ ዶክተር ሐሰን ነው። ምሳውን ትተን ሆቴሉ አትክልት ውስጥ አራታችን ተቀመጥን። ይመር እሱም ዘንድ አልጋውን ባዶ አድርጎ ነበር የሄደው። ሐሰን ከዚያ ወዲህ የሳትኩት ነገር ምንድን ነው እያለ ሲብሰለሰል እንደ ኖረ ነገረን። ዘይነባም እንደዚያው። ሁለቱ ሰዎች አንዲት ድልድይ መካከላቸው አድርገው፣ አንዱን ሐዘን ለየብቻ ተሸክመውት ኖረዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ሲተርቱ ጎረቤቱን ለማግኘት በአውሮፕላን የሚሄድ ትውልድ ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም። ማዶ የሽቶውን ሱቅ እናውቃለን፤ የብርድ ልብሱን ሱቅ እናውቃለን፤ ክሊኒኩን ግን ገብቶ ያየ ከእኛ ማን ነበር? ማንም።

ዘይነባ ከዚያ ወንበር ሳትነሣ ነገሩን ጨረሰችው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ የወሰደው መርፌ በአማርኛና በአረብኛ የተጻፈበት ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ እኛም በየሳምንቱ ድልድዩ ላይ ተገናኝተን የጠፋብንን እንጠያየቃለን። ስንመለስ ጥንቁቁ ኃላፊያችን ይህ የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ስለሆነ ፈቃድ ከላይ መምጣት አለበት አለ። ዘይነባ፣ ለሳሙና ስንሻገር ያስፈቀድነው ማንን ነው ብላ ወጣች። ፈቃዱ ዛሬም አልመጣም። ካርዱ ግን በዚያው ወር አንገት ላይ ዋለ፤ እንደ ይመር ሁለት ጊዜ የተጀመረለትም ሰው ከዚያ በኋላ አልገጠመንም።

ከዚያ የሱዳን ጦርነት መጣ። ድልድዩ ሳሙና ሊገዛ በሚሄድ ሰው ፈንታ ፍራሹንና ልጆቹን ተሸክሞ በሚመጣ ሰው ተሞላ። ከስልክ መስመሩ ጋር ሐሰንም ጠፋብን። ዘይነባ በየቀኑ ከሥራ በፊት ድልድዩ ጋ ትቆማለች፤ አይመጣም ብንላት አትሰማም። አንድ ጠዋት ሦስታችንም እዚያው ሳለን መጣ። ነጭ ጋዋኑ አቧራ ለብሷል፤ ጫማው አንደኛው ማሠሪያ የለውም። ከኋላው ሕሙማኑ ተሰልፈዋል። የሚራመደው ይራመዳል፤ የማይችለው በአህያ ጋሪ ላይ ነው፤ የሁሉም ካርድ አንገቱ ላይ ነው።

በእኛም ሆነ በሱዳኖች ወግ ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ተጠያይቆ ነው ወደ ነገር የሚገባው፤ ከጦርነት ለመጣ ሰው ደግሞ ዕንባም ይጨመርበታል። እኔ እጄን ዘርግቼ ልስመው ስጠጋ ዘይነባ ቀደመችኝ።

«ዛሬ መርፌ ወስደዋል?» አለችው።

«አልወሰዱም» አለ።

የመጀመሪያውን ጋሪ ልጓም ይዛ ወደ ሕክምና ክፍሉ ታዞር ጀመር። አበጀ ሁለተኛውን ያዘ። እኔ አንዱን ሽማግሌ ደገፍኩ። ከሐሰን ጋር የተሳሳምነው የመጨረሻው ሕመምተኛ ከተወጋ በኋላ ነው።