ለመቀመጥ የቸኮለው ሽማግሌ

ወንበር አደገኛ ነገር ነው። አራት እግር ያለው እንጨት ብቻ ይመስላችኋል፤ ግን ለማን እንደሚሰጥ ልብ ብላችሁ እዩ። እዚህ አሶሳ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ አንዱ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «እዚህ ይቀመጡ» ካላችሁ፣ አለቀላችሁ፤ ወጣትነታችሁ ከሟቹ ቀድሞ ተቀብሯል። ፀጉራችሁ ቢጠቁር፣ ጥርሳችሁ ሙሉ ቢሆን፣ መታወቂያችሁ ላይ የልደት ዘመናችሁ ተጽፎ ቢገኝ ማን ያነብላችኋል?

እኔን ያስረጀኝ ወንበር ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ገበያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። አባቴ ከወሎ በሠፈራ የመጣ፣ እኔ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ግራ ዳሌዬን ይቆረጥመኝ ጀመር። ሐኪሞቹ አርትራይተስ አሉት፣ ሰፈሩ ሪህ አለው፣ እናቴ ደግሞ «ዓይን ነው» ብላ ደመደመች። ስሙ ምንም ይሁን፣ ከዘራ አስያዘኝ። በቅሬያችን፣ ማለትም በምንቀባበርበት ማኅበር፣ ሰው ሲሞት ወጣቱ ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፤ ሽማግሌው ወንበር ላይ ሆኖ ይመክራል። መቆፈር አልቻልኩም። መሸከም አልቻልኩም። ምን ቀረኝ? መምከር።

መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። አንድ ቀን የተጣሉ ባልና ሚስት መጡና «እስቲ አባ ሰይድ ይናገሩ» ተባልኩ። እኔ እኮ ሚስት የለኝም! የመጣልኝን ተናገርኩ፤ ጉድ በሉ፣ ታረቁ። በዚህ አገር አንዴ ያስታረቀ ሰው ከዚያ በኋላ ቤቱ አያድርም። ከእኔ ጋር የሚሄዱት ሁለት እውነተኛ ሽማግሌዎች ናቸው፦ የአባቴ ጓደኛ አባ ይመር፣ እና ጎረቤታችን ሼህ ሐሰን። ሼህ ሐሰን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት፣ ፍርዳቸው ሀብታምና ድሃ አይለይም።

ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ «መጋጠሚያው አልቋል፤ አዲስ አበባ ሄደህ በሰው ሠራሽ መቀየር ትችላለህ። ችግሩ ገና ወጣት ነህ» አለኝ። ሰው ሠራሹም ከዓመታት በኋላ ያልቃል፣ እንደገና ሊቀየር ይችላል፣ ሕመሙን ከቻልክ መቆየትም አለ፣ ምርጫው ያንተ ነው፣ ብዙ አስረዳኝ። እኔ የሰማሁት አንዲት ቃል ብቻ ነው። ወጣት! ደስታዬ ልክ አጣና ምንም ሳልወስን ወጣሁ።

«ምን ያስጨንቅሃል፣ አትቀየርም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ኧረ ተዉኝ! አንደኛ፣ ቢላ እፈራለሁ። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ወንበሩ ጥሞኛል። እጅ አስታጣቢው ከእኔ ይጀምራል፣ ደህናው ሥጋ ወደ እኔ ይገፋል። ይህን ትቶ ወደ አካፋ መመለስ ቀላል ነው? ሰው ሲጠይቀኝ «እያሰብኩበት ነው» እላለሁ። ሁለት ዓመት አሰብኩበት።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ከማንኩሽ አሶሳ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሹፌር መጥቶ እጄን ሳመ። «አባ ሰይድ፣ ሽምግልና ይሂዱልኝ።»

«የማንን ልጅ?»

«የሐጂ እንድሪስን፣ ዘሐራን።»

ክው አልኩ። ዘሐራ ማለት ምንም ያልሆነ ስልክ ይዛ ሱቄ የምትመጣ ልጅ ናት፤ እኔም ምንም ያልሆነውን ስልክ ፈትቼ እገጥማለሁ። ይህን ስናደርግ ሦስት ዓመታችን። እወዳታለሁ፤ ግን በከዘራ የሚሄድ ሰው ምን አፍ አለው ብዬ ዝም እንዳልኩ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ሲላክ እምቢ አይልም። ሄድኩ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ አባት ቃሉን እስኪሰጥ ተቀመጥ ቢባል አይቀመጥም። ሐጂ እንድሪስ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ቆምን። አባ ይመር ተናገሩ፤ ሐጂ ዝም። ሼህ ሐሰን ጨመሩ፤ ሐጂ ቀና ብለው ማንጎ ያያሉ። ዳሌዬ እሳት ሆነ። ከዘራዬ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ላቤ ጀርባዬን አረጠበው፣ በመጨረሻ እግሬ ከዳኝና ከኋላዬ የነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ዱብ አልኩ።

አባ ይመር፣ ሐጂ በዓይናቸው ጠቅሰው ለእኔ እሺ ያሉኝ መሰላቸውና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። ሼህ ሐሰንም «ኸላስ! አለቀ!» ብለው ተከተሏቸው። ሐጂ እንድሪስ ሦስታችንን በየተራ አዩን፤ ፊታቸው በራ። «ለካ እኔን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት! ለልጅ ቢሆንማ ቃሌን ሳትሰሙ አትቀመጡም ነበር» አሉና ማንጎ አስቆረጡልን። ለሹፌሩ መስጠት ሳይፈልጉ እምቢ ማለት ጨንቋቸው የነበሩ ሰው፣ በእኔ ዳሌ ተገላገሉ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል፤ ማንጎአችንን በልተን ወጣን።

በሩ ላይ ዘሐራ ጠበቀችኝ። «ሆን ብለህ ነው የተቀመጥከው?»

አዎ በል፣ አንተ ሞኝ! ግን ሽማግሌነቱ ለምዶብኝ መዋሸት አቃተኝ። «ዳሌዬ ነው» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። «እኔ ደግሞ አንዴ እንኳ ለእኔ ብለህ ያደረግከው መስሎኝ» አለችና በሩን ዘጋችብኝ።

አፈርኩ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። በማግሥቱ ሐኪሙ ጋ ሄጄ «እቀየራለሁ» አልኩት። «ወደፊት ሊደገም እንደሚችል ገብቶሃል?» አለኝ። «ያኔ ሚስቴ ታስታምመኛለች» አልኩት። ካርዴን ገለጥ አድርጎ አየ፤ «ያላገባ» ይላል። 

ሁለቱን ሽማግሌዎች ለምኜ «እኔ ልታከም ስሄድ ዘሐራን ለእኔ ጠይቁልኝ» ስላቸው አባ ይመር «ሦስተኛ ሽማግሌ ከየት እናመጣለን?» ብለው ተቆጡ። ሼህ ሐሰን ግን ትክ ብለው አዩኝና «ወላሂ፣ ሰይድ ልጅ ነበር እንዴ?» አሉ። ረስተውት ኖሯል። ዓርብ ይሻላል ብለው ቀን ቆረጡ፤ ዓርብ ቀዶ ጥገና በተደረገልኝ ማግሥት ላይ ዋለ።

አዲስ አበባ፣ አልጋዬ ላይ፣ ስልኬ ጆሮዬ ላይ ነው። ነርሷ ምርኩዝ ይዛ መጣችና «በል፣ ዛሬ ትቆማለህ» አለችኝ። በስልኩ አባ ይመር ያንሾካሹካሉ፦ «ሐጂ አሁንም ማንጎ ያያሉ። ጉልበቴ አልቋል፣ ልቀመጥ ነው።»

«እንዳይቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተን ነው ቁም ያልኩህ» አለች ነርሷ።

ያ ረቢ ብዬ ተነሳሁ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ግን ቆምኩ። በስልኩ የሐጂ ድምፅ ተሰማ፣ ምን እንዳሉ አልለየሁም፤ ከዚያ የሁለት ሽማግሌዎች ረጅም ትንፋሽና የአግዳሚው ሲጥ ማለት። «ምን ሆናችሁ? ወደቃችሁ እንዴ?» አልኩ።

ስልኩን የተቀበለችው ዘሐራ ናት። «አባቴ ቃሉን ሰጥቷል። እነሱ ሆን ብለው ተቀምጠዋል» አለች። «አንተስ?»

«እኔ ቆሜያለሁ» አልኳት።

ነርሷ ወንበር አቀረበችልኝ። አልነካሁትም።