ከዳይሬክተሩ የረዘሙ ልጆች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የልጅን ዕድሜ የሚያውቀው ማን ነው? የወለደችው እናት ወይስ የቢሮ በር መቃን? እናት ካላችሁ፣ እኛ ሰፈር ያለውን መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አታውቁትም ማለት ነው።

ብዙ ዘመን ከጋምቤላ ርቄ ኖሬ ነው የተመለስኩት። ስሄድ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ክፍሎች ነበሩት። ዛሬ አጥሩ እስኪጨነቅ ሞልቷል። የአኝዋክ ልጅ፣ የኑዌር ልጅ፣ የደገኛ ልጅ፣ ከደቡብ ሱዳን የተሻገረ ቤተሰብ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቆ ያልበዋል። እቤቱ የሚያወራበት ቋንቋ ሌላ፣ ሜዳ ላይ የሚሰዳደብበት ሌላ፣ የሚፈተንበት ደግሞ ሌላ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ክፍል የሚያልፍ ልጅ ሊሸለም ይገባው ነበር። ማን ይሸልመዋል? ሁሉም የሚያወራው ስለወደቀው ነው።

አምና የስምንተኛ ክፍል ውጤት አሳፋሪ ሆነና አዲስ ዳይሬክተር ተላከልን። አቶ ጌታነህ ይባላሉ። ከደጋ የመጡ፣ በዚህ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው። ክፉ አይደሉም ይሉኛል። እኔም ክፉ ናቸው አላልኩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል። እሳቸው የሚሠሩት ለእኛው ጥቅም ስለሆነ አይደክማቸውም። የሚወድቁት ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎች ናቸው አሉ። ስለዚህ ትልልቆቹ ወደ ማታው ክፍል ይዛወሩ፤ የቀኑ ውጤት ይሻሻላል።

ትልልቆቹ በምን ይታወቃሉ? እዚህ የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ስንቱ ነው? ሰውዬው አሰቡ፣ አሰቡ፣ ከዚያ በቢሯቸው በር መቃን ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ። ልክ በራሳቸው ቁመት! ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በተራ እየመጡ መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። ከመስመሩ የረዘመ፣ የማታ። ያጠረ፣ የቀን።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስሰማ ስቄአለሁ። እዚህ አገር እኮ ልጅ ጥርሱን ሳይቀይር የእናቱን ትከሻ ይደርሳል። የሒሳብ መምህሩ ኦጁሉ፣ እንደ ስልክ እንጨት የተመዘዘው፣ “ጋሼ፣ እኔስ ለማታ ልመዝገብ?” ብሎ ጠየቃቸው አሉ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ግን፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ እጮኛውን በሞተር ሸኝቶ ክፍል የሚገባው ጎረምሳ፣ አጭር ስለሆነ የቀን ተማሪ ሆኖ ጸና።

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ። ኛቦል የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ ጤና ጣቢያ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ እኔ ግቢ ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ መጻሕፍቴን ታገላብጣለች። ያልገባትን ትጠይቀኛለች፤ መልሴ ካልጣማት ትከራከረኛለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አቶ ጌታነህን በስንዝር ትበልጣቸዋለች።

ታዲያ ማታ ብትማር ምን ትሆናለች ትሉኝ ይሆናል። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ አጠገብ የሚኖር አጎት አላት። ወሬውን እንደሰማ ደወለ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ትልቅ ሴት ናት ካለ፣ ለትዳር ምን ያስጠብቃታል አለ። ባል ተገኝቷል፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ አለ።

እናትየው ስልኩን እንደጨበጠች ደጄ ላይ ቆመች። “እማማ፣ አንቺ ጋ አማርኛ ብዙ አለ። እኔ ጋ ትንሽ። ነይ፣ እንሂድ።”

አርብ ጠዋት ሄድን። ኛቦል ከበሩ ውጭ ቆመች። አቶ ጌታነህ ብድግ ብለው፣ እናቴ ብለው፣ ወንበር ሰጡኝ። ማስረጃ አላችሁ ወይ አሉ። የክትባት ካርዱን ባሮ የሞላ ጊዜ ጎርፉ ከነቤቱ ወስዶታል። አዘኑ። በእውነት አዘኑ። ግን ሁሉም ወላጅ እንዲህ ነው የሚለው አሉ።

“እኔ ወለድኩ” አለች እናትየው። “ምጥ ሲይዘኝ አንተ ነበርክ?”

ላብ አጠመቃቸው። ነገ አጎቷ ሊድራት ይመጣል አልኳቸው። ትዳር የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጣልቃ አይገባም አሉኝ። እናትየው የወንበሩን ክንድ ጨመደደችው። ምን ቀረን? ምንም።

ያኔ ጥግ ላይ ደብተር የሚያርመው ኦጁሉ ጉሮሮውን ጠረገ። “ጋሼ፣ ይቺ እኮ ከሁሉም ሴክሽን አንደኛ ናት።”

“አንደኛ?”

“አንደኛ።”

አቶ ጌታነህ አንገታቸውን አስግገው በበሩ አሻግረው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። “ፊቷን ላየው እንኳ ገና ልጅ ናት” አሉ። አያችሁ? እናቷ ተሟግታ ያላሳነሰችውን ዕድሜ ደረጃዋ አሳነሰው። ግቢ ወደ ክፍልሽ አሏት።

ኛቦል አልተንቀሳቀሰችም። “አቻላስ?” አለች።

“አቻላ ደግሞ ማን ናት?”

“አብራኝ የምትቀመጠው። እሷም እንደኔ ረጅም ናት እንጂ እኩያዬ ናት።”

አቶ ጌታነህ ወደ ኦጁሉ ዞሩ። ስንተኛ ናት አሉት። ኦጁሉ መሬት መሬት እያየ፣ መካከለኛ ናት አለ።

“እሷ በማታው ትበርታ” አሉ አቶ ጌታነህ።

ቅዳሜ አጎትየው መጣ። ዳይሬክተሩ ልጅ ናት ብለዋል ተባለ፤ አጉረምርሞ ተመለሰ። ኛቦል ክልላዊውን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አለፈች። አቻላ ጥቂት ጊዜ የማታ ክፍል መጣች። መብራት ሲጠፋ፣ ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲያስቸግሯት፣ ቀረች። ቤተሰቦቿ ጎግ ወረዳ ወዳሉ ዘመዶቿ ሰደዷት። አግብታለች አሉኝ።

የትምህርት መዝጊያው በዓል ዕለት ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ኛቦል ተሸለመች። ትምህርት ቤቱም ውጤቱን ስላሻሻለ ተመሰገነ። ከዚያ አቶ ጌታነህ መጥተው ጎንበስ አሉና፣ እናቴ፣ ያኔ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ አሉኝ። ኦጁሉ፣ እማማ ይብቃ እንግዲህ አለ። የኛቦል እናት እጄን ይዛ፣ “ተዪው፣ ልጄ አልፋለች” አለችኝ። አጎትየው ሳይቀር አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ያጨበጭባል። ሁሉም አፌን ይጠብቃል። ካነበብኳቸው መጻሕፍት በስንቱ ውስጥ አሮጊቷ እዚህ ቦታ ላይ እንባዋን ጠርጋ ትመርቃለች መሰላችሁ!

አቻላን ማን ጠርቷታል አልኳቸው።

ዳይሬክተሩን ይቅር አልልም። መሬት መሬት ያየውን መምህርም፣ አጎትየውንም። ጎረቤቴን እወዳታለሁ፤ እሷንም ይቅር አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።