ከየት እንደመጣ የማውቀው ገብስ

ሰው ከገበያ የገዛውን ጎመን ዝም ብሎ ይበላል፤ ጓሮው ያበቀለውን ሲበላ ግን ሳያወራ አይውጥም። እመኑኝ፣ ከራሴ ነው የምነግራችሁ። ከአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ሸሽተን ሱሉልታ ትንሽ ቤት የሠራን ጊዜ ሚስቴ በሰማያዊ በርሜል ፈሳሽ ሳሙና መበጥበጥ ጀመረች፤ እኔ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ካሮትና ቆስጣ ልዘራ ተነሣሁ። ሳሙናው የመጀመሪያ ሰሞን የሸሚዜን ቀለም ከነእድፉ ይዞት ሄዷል፤ ቢሆንም የቤት ነዋ! እንግዳ ገና ሳይቀመጥ "ይሄ በእጃችን የተሠራ ነው፣ ያ ከጓሮ ነው" እያልን እናደርቀዋለን። ለመጣው ሁሉ የምደግማት አንዲት ንግግርም ነበረችኝ፦ "የቤት ነገር ደስታው ጣዕሙ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ማወቁ ነው።"

ይቺን ንግግር ያዙልኝ።

የጓሮዬ መሬት ግንበኞች ጥለውት የሄዱት ጠጠርና የደረቀ ስሚንቶ ስለነበር፣ ሰኔ ሲገባ አንድ አይሱዙ ጥቁር አፈር አስመጣሁ። ምን ዓይነት አፈር መሰላችሁ! ብላኝ ብላኝ ይላል። ሾፌሩን "ከየት ነው?" አልኩት። "ከዚሁ ነው" አለኝና ገልብጦልኝ ሄደ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ሐምሌ ላይ ከቆስጣዬ ቀድሞ ሣር የሚመስል ነገር ግጥም ብሎ በቀለ። አረም ነው ብዬ ቁጢጥ አልኩና መንቀል ያዝኩ። ግማሹን ነቅዬ ስኩራራ፣ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ኦቦ ጉተማ "ኧረ ተው!" ብለው ጮኹ። ኦቦ ጉተማ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ከኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ ያለውን ማሳ ከአባታቸው ወርሰው ሲያርሱ ኖረው፣ ባለፈው በጋ ለልማት ይፈለጋል ተብሎ ተወስዶባቸው፣ ቤታቸውና አንዲት ላም ብቻ የቀራቸው ሰው።

በበሩ ዞረው ገቡና ካስቀረሁት ቡቃያ አንዱን ዝቅ ብለው ዳበሱት። የቡቃያው እግር ሐምራዊ ነው።

"ገርቡ ኮ" አሉ።

ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ "ምን አሉኝ?" አልኳቸው።

"ገብሴ ነው። ጥቁሩ ገብስ፣ የአባቴ ዘር። እዚህ አካባቢ ከኔ ሌላ የሚዘራው የለም። አፈሩን ከየት አመጣኸው?"

ከዚሁ ነዋ። ለግንባታ ሲባል ከማሳቸው የተገፈፈውን አፈር ከነዘሩ ገዝቼ ኖሯል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን የትኛዋ መሬት? የቆምኩባትም የሳቸው ናት።

"ልመልስልዎ?" አልኩ እንደ ሞኝ።

"አፈር እንዴት ይመለሳል? የነቀልከውን ነቅለሃል፤ የቀረውን አትንካብኝ።"

አልነካሁም። በየጠዋቱ አጥሩን ተደግፈው ያዩታል። አንዳንዴ ልጃቸው ለሚ አብሯቸው ይቆማል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ጎረምሳ ነው። "ጋሼ፣ የኛን ማሳ ደህና እየጠበቁልን ነው" ብሎ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ኅዳር ላይ ገብሱ ደረሰ፤ አገሩም ተናጠ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የቀረውን የገበሬ መሬት ሊጨርስ ነው ብለው ወጣቶቹ ወጡ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ተኩስ ሰማን። እኔና ሚስቴ በራችንን ዘግተን ካሮት ስንልጥ ዋልን። ለሚ ግን ከወጡት ጋር ነበር፤ ተይዞ ጣቢያ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጉተማ ማጭድ ይዘው መጡ። "የታሰረ ሰው በሶ ያቆመዋል። ለሚ ከሕፃንነቱ የዚህን በሶ ነው የሚወደው" አሉና አንዲት እፍኝ ለዘር አስቀርተው ሁሉንም አጨዱት። ባለቤታቸው ቆልተው ፈጩት፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላም። የነቀልኩት ግማሽ ያን ቀን ቆጨኝ። ሚስቴ ሳሙናዋን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝና ከኦቦ ጉተማ ጋር ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

የጣቢያ በር ወግ ታውቃላችሁ፤ ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ኦቦ ጉተማ የነቢያትን ጾም ይዘዋል፤ ሰዓቱ ገና ነው። "አንተ ቅመስልኝ" አሉኝ። ቀመስኩ። እንግዲህ የጓሮዬን ገብስ መጀመሪያ የቀመስኩት እዚያ፣ ፖሊሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው። ሲጣፍጥ! እንደዚያ በመጣፈጡ አፈርኩ።

ፖሊሱ እንዳልሞትኩ ካረጋገጠ በኋላ መዝገቡን ገለጠ።

"ለሚ ጉተማ? እዚህ የለም። ትናንት ተዛውሯል።"

"ወዴት?" አልኩ።

"አልተነገረንም።"

በሶውንም ሳሙናውንም መለሰልን። በሚኒባስ ስንመለስ ኦቦ ጉተማ የበሶውን ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቤታችን አካባቢ ስንደርስ፦

"ጣፈጠህ?" አሉኝ።

"በጣም፣ ኦቦ።"

"የቤት ነዋ" አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅንበት ጣቢያ የለም፤ ለሚ የት እንዳለ የነገረን ግን አላገኘንም። በዓመቱ ሰኔ ኦቦ ጉተማ ያቺን እፍኝ ዘር ይዘው መጥተው ጓሮዬ ላይ ዘሩ። ሌላ የት ይዝሩት? አምሮ በቅሏል። ስብከቴን ለምዶ የሚመጣ እንግዳም እያደነቀ "ይሄ ጥቁር ገብስ ደግሞ ከየት ነው?" ይለኛል።

አሁን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኦቦ ጉተማ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል።

"ከዚሁ ነው" እላለሁ።