አቶ ቆይ-ቆይ እና የወፍጮው ዘፈን

ዘፈን እየሰማ አፉን መዝጋት የማይችል ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ዘፋኟ ገና ትንፋሿን ስትስብ «ቆይ ቆይ፣ አሁን የምትለውን ስሙ» ይላል፤ እሱ ስሙ ሲል እሷ ብላ ትጨርሳለች። የእነዚህ ሁሉ አውራ ግን ክቡር አቶ ቆይ-ቆይ ናቸው።

ሰውየው ዝም ብለው አድማጭ ቢሆኑ ምን ነበረበት። በወጣትነታቸው መቅረጫ ተሸክመው ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ የባህል ዘፈኖች ክምችት ክፍሉን መደርደሪያ የሞላውን ካሴት የቀዱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ የሌሉበት ካሴት የለም። አጫጆቹ ሲያዜሙ «እሰይ» ይላሉ። የፍቅር ዘፈን ላይማ ጭራሽ ምክር ይሰጣሉ፦ «ተዋት ወንድሜ፣ አትሆንህም።»

በክፍሉ የካሴቶቹን ድምፅ የምታጸዳው ልጅ የተቀጠረችው እሳቸውን ከካሴቱ ለማውጣት ነው ቢባል ውሸት አይደለም። አለቃዋ «ዘፈኑ ብቻ ይኑር፣ ልፍለፋውን አጥፊልኝ» ብለዋታል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ድምፃቸውን እየለየ ሲቆርጥ፣ ዛሬ ጡረተኛ የሆኑት ጋሼ ቆይ-ቆይ ራሳቸው ምንም ሳያውቁ አጠገቧ ወንበር ስበው «ቆይ ቆይ ልጄ» ይሏታል። ከአንዱ ስትገላገል ሌላው ጎኗ ተቀምጧል።

የጸዳውን የመጀመሪያ ካሴት፣ አንዲት ባልቴት እየፈጨች የምትዘፍነውን ሲሰሙ፣ ጋሼ ራሳቸውን ፈልገው አጡ።

«እኔ የታለሁ?»

«አውጪ ተብዬ ነው ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ደግ አደረግሽ። እኔም አበዛዋለሁ» አሉና ወንበራቸውን ከአጠገቧ ትንሽ ራቅ አደረጉ።

ዘፈኑ ቀጠለ። ባልቴቷ መሀል ላይ ቆም አለች፤ ወፍጮውም ቆመ። ከዚያ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀችና ቀጠለች። ምን አሳቃት? ልጅቷ ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈተች። ለካ ባልቴቷ ግጥሙ ጠፍቶባት ኖሯል። «ቆይ ቆይ እማማ፣ ትናንት ለኔ ያሉኝ አለ አይደል» ይላል የጋሼ የወጣትነት ድምፅ፤ ከዚያም ዜማውን ገድሎ ያዜምላታል። እሷ ትስቃለች። ስቃም ሌላ ማንም ያልቀዳውን ግጥም እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች።

ልጅቷ አለቃዋ ዘንድ ሄደች። «ጋሼን መልሻቸዋለሁ። ያለሳቸው ይሄ ዘፈን አይኖርም ነበር።»

«እስቲ ልስማው» አሉ አለቃዋ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

ካሴቱ ጀመረ። ጋሼ በሩ ጋ ቆመዋል፤ እንዳያበላሹ ፈርተው ትንፍሽ አላሉም። ወፍጮው ሊቆም ሲል ልጅቷ አላስቻላትም፤ የአለቃዋን ክንድ ያዝ አደረገች።

«ቆይ ቆይ፣ አሁን ጋሼ የሚሉትን ይስሙ።»