ለአዝመራ የተከለከለ እርሻ

ዓመቱ በፈረንጆቹ 1994 ነው፤ ወሩ ነሐሴ። ሜልበርን ይዘንባል፣ ይነፍሳል።

ክልከላ ቀላል ነገር ነው። የወረሳችሁትን ትከለክላላችሁ እንጂ ማን እንደ ጀመረው አትጠይቁም። እኔም አባቴን አልጠየቅሁም። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ የማረሻውን እርፍ ግን አትጨብጥም። ለምን? አትጨብጥማ።

ልጄ የምትማረውን የምትመርጥበት ጊዜ ደረሰና “እርሻ” አለችኝ። ስሟን አዝመራ ብዬ ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ ቢሆንም “ሴት አታርስም” ብዬ ዘጋሁት። አልተከራከረችም። ዝምታን ከእኔ ወርሳለችና ቤታችን በሁለት ዝምተኞች ተሞላ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋሪባ የኢራን ሰው ናቸው። ጤፍ እንጂ ወይን እንደማላውቅ አይተው የጓሮዬን ወይን ሊገርዙልኝ መጡ። መቀሱ እጃቸው ላይ ሲጫወት ሳይ የት እንደተማሩ ጠየቅኋቸው። ሁለታችንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምናወራው። እንደነገሩኝ እናታቸው ስማቸውን መጻፍ እንኳ አይችሉም ነበር። እሳቸው ግን በኢራኑ ንጉሥ ዘመን ቴህራን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እርሻ ተማሩ። አብዮቱ መጣ፤ ታናሽ እህታቸው ተራዋ ሲደርስ ይህ ትምህርት ለሴት አይሆንም ተብላ ተመለሰች። ትናንት ደግሞ ስልክ ተደውሎላቸዋል፤ የታላቅ እህታቸው ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ እርሻ ገብታለች።

“የሻሹ ግዴታ እንዳለ ነው፣ ሌላም ብዙ አለ” አሉ። “ይህን በር ግን መልሰው ከፈቱት።”

ቀጥለው የአዝመራን ነገር አነሱ። ለካ በአጥር ላይ ስትነግራቸው ከርማለች።

“ልጅዎን የከለከላት መንግሥት ነው?”

“አይደለም።”

“ቄሱ ናቸው?”

“አይደሉም።”

“ታዲያ ማን ነው?”

የተቆረጡትን የወይን ቅርንጫፎች መልቀም ጀመርኩ። የአንድ አገር መንግሥት የዘጋውን በር ሲከፍት፣ እኔ ሰንሻይን ዌስት ሰፈራችን ውስጥ ብቻዬን በር ዘግቼ ቆሜያለሁ።

እሑድ አንድ የእርሻ ኮሌጅ ለጎብኚ ክፍት ነበር። ካፖርቴን ደረብኩና “ተነሺ፣ እንየው” አልኳት።

“ሲሪየስ፣ አባባ?”

መኪናውን አስነሳሁ። ይህ መልስ ይበቃታል።

እዚያም አንድ አስተማሪ ማረሻ የተገጠመለት ትራክተር ላይ አወጣትና ከጎኗ ሆኖ አስነዳት። እኔ ከበሬ ኋላ መሄድ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ትልሙን ተከትዬ በጭቃው ሄድኩ። ትንሽ ጠማማ ነው።

የእኔም የመጀመሪያው ትልም ጠማማ ነበር። ያንን ግን አልነገርኳትም፤ “ድገሚው” ብቻ አልኳት።