ከጋሽ ሙሄ ጋር የተቆራኘ ሰው

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም። አገሩ ደጋ ይሁን ቆላ፣ የሚገዛው ንጉሥ ይሁን ጣሊያን፣ «ወላሂ እኔ ነገር አልወድም» ብሎ የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው መንገድ ላይ አግኝቶህ አፉን በዚህ ቃል ከከፈተ በቅሎህን አራግፍ። የዛሬ መንገድህ እዚያው አብቅቷል።

በሸዋ ሮቢት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ሙሄ ነበሩ። አጭር፣ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ኩታቸው ሁልጊዜ አንደኛው ጫፉ የተጨማደደ ሰው ናቸው። የተጨማደደው በቋጠሮ ብዛት ነው። ማሽላ ያርሳሉ ይባላል እንጂ ማሽላው የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ነበር። ዋናው እርሻቸው ሙግት ነው፤ ክረምት ከበጋ ያመርቱታል።

አንድ ዓመት ጎረቤታቸው አደም ማማው ላይ ወጥቶ ወፍ ሲያባርር መንጋው ተነሥቶ እሳቸው ማሳ ላይ ሰፈረ። ሌላ ሰው ቢሆን ወንጭፉን ያነሣ ነበር። ጋሽ ሙሄ አደምን ዳኛ ፊት አቆሙት። «እኔ ነገር አልወድም። ግን ወፎቹን ይሰብስብልኝ» አሉ። አደም ወፎቹ የእኔ አይደሉም ቢል፣ ያንተ ካልሆኑ በማን ሥልጣን አዘዝካቸው ብለው አፋጠጡት። ሽማግሎች ሦስት ቀን መክረው ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ እንዲያባርሩ ፈረዱ። አቅጣጫው የዋናው ሽማግሌ ማሳ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ደግሞ በረመዳን ያለ ሰዓቱ ጮኾ የሌሊት ምግቤን፣ ስሑሬን፣ አሳተኝ ብለው የከሰሱት አውራ ዶሮ አለ፤ ክንፉ ታስሮ፣ ከነባለቤቱ ችሎት ቀርቧል።

እትዬ ሐምዲያን ያገቡትም በሙግት ነው። ከአባቷ ጋር በድንበር ተካሰሱ። እንደ አገሩ ደንብ የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ተቋጥሮ፣ ዳኛው እስኪመጣ አራት ቀን ተቆራኝተው ሰነበቱ። አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ተነቃነቀ። ምግብ የምታመላልሰው ሐምዲያ ነበረች። ዳኛው ሲደርስ ድንበሩ ተረስቶ ሰዎቹ ኒካሁን እየተነጋገሩ ነበር። «ከሙሄ ጋር የተቆራኘ ወይ ይረታል ወይ ይዛመዳል» የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባንዳው በላይ ግን ይህን ማን ነግሮት።

በላይ ከጣርማ በር ወገብ የወረደ ደገኛ ነው። ጣሊያን ጠመንጃ፣ ጫማና ቀይ መቀነት ሰጥቶ ሸዋ ሮቢት ላይ የሕግ ዓይን አድርጎታል። ከተማዪቱ ደግሞ የደረሳ ከተማ ነበረች። ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከየት ከየቱ ኪታብ ሊቀሩ፣ ሃይማኖት ሊማሩ የመጡ ደረሶች ከገበያተኛው ይበዛሉ። ጫታቸውን ይዘው፣ ክብ ሠርተው፣ እንቅልፍን እየገሠጹ ይቀራሉ። ማሬሻሎ የሚሉት የጣሊያኑ ሹም ይህን አይቶ፣ ይህን ያህል ሰው እንቅልፍ አጥቶ የሚመክረው በእኔ ላይ ካልሆነ በማን ላይ ነው አለና ጫትን በአዋጅ ከለከለ። የተያዘ ሰው ጣርማ በር ወጥቶ ለመንገዱ አንድ ወር ድንጋይ ይፈልጣል።

አዋጁ ለሁሉም ነው። በላይም ለሁሉም ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ግን ነጋዴውን እንዳያስር ነጋዴው ለማሬሻሎ በግ አቅራቢ ነው። ባላባቱን እንዳያስር የባላባቱ አማች ከማሬሻሎ ጋር ወይን ይጠጣል። ደረሳ ግን አገሩ ሩቅ ነው፤ ቢታሰር የምትጮኽ እናት የለችውም። እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለት ወር አሥራ ሦስት ሰው አሰረ፤ አሥራ ሦስቱም ደረሶች ናቸው።

የተያዘውን ጫት ምን ታደርገዋለህ ሲሉት አቃጥለዋለሁ ይላል። አልዋሸም። የሚያቃጥለው በጉንጩ ነው። ይህንን ማንም አያውቅበትም። በእናቱ አገር ጫት የእስላም ነው፤ የቃመ ክርስቲያን ማተቡን እንደ በጠሰ ይቆጠራል። በላይ ማሬሻሎን ከሚፈራው ይልቅ የንስሐ አባቱን ጆሮ ይፈራ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ፣ በላይ አሥራ አራተኛውን ደረሳ ከገበያው ጫፍ ከነጫት እስሩ ያዘው። አብዱልሃዲ ይባላል። ከዳዌ በእግሩ መጥቶ አራት ዓመት የቀራ ዝምተኛ ሰው ነው። ኪታቡ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቅጠል ቀርቶታል። የሚያቀሩት ሸህ ግን ዓይናቸው ከሳምንት ሳምንት እየደከመ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ቢመለስ ኪታቡን ያገኘዋል፤ ዓይናቸውን ማግኘቱን አላህ ይወቅ።

በላይ ይህን አልጠየቀም። እስሩን ታቅፎ፣ እስረኛውን አስቀድሞ ሲያዘግም ከኋላው አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«በሕግ አምላክ።»

የበላይ እግር ቆመ። እሱ አላቆመውም፤ እግሩ ራሱ ነው የቆመው። ጫማው የጣሊያን ቢሆንም እግሩ የአባቱ ነበር። አባቱ ደግሞ «በሕግ አምላክ ሲባል የተራመደ ሰው መቆሚያ አያገኝም» እያለ ነው ያሳደገው።

ጋሽ ሙሄ ኩታቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ገበያተኛው ከበበ።

«ወላሂ እኔ ነገር አልወድም» አሉ። «ይህ ሰው ምን አጠፋ?»

«ጫት ይዟል ጋሽ ሙሄ። አዋጅ ነው።»

«አዋጅ ከሆነ ይከበር። እነዚያ የሚበሉት ታዲያ ጎመን ነው?»

የሚያመለክቱት በረንዳ ላይ አምስት ነጋዴዎች ጉንጫቸውን ወጥረው ተቀምጠዋል። በላይ ወደዚያ ላለማየት ሰማይ ሰማይ አየ።

«የነጋዴ በረንዳ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ አዋጅ አይደለም፣ ሎሌ ነው። አድልተሃልና ከስሼሃለሁ፤ ተቆራኝ» አሉት።

በላይ ኩታ አልለበሰም። ጋሽ ሙሄ አህያ የሚያስርበት እንጨት እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያውን ዞሩትና የኩታቸውን ጫፍ ከቀዩ መቀነት ጋር ቋጠሩት። ሳንጃ አለው፤ ሊበጥሰው ይችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ የሕግ አምላክ ስም ተጠርቶ፣ እጁም እንደ እግሩ ከከሳሹ ወገነ።

ችግሩ ዳኛው አለመኖሩ ነው። ማሬሻሎ ደብረ ሲና ወጥቷል፤ የሚመለሰው ሐሙስ ነው። በላይ እስረኛውን መልቀቅ አይችልም። ጋሽ ሙሄም ማሽላው ሲያፈራ ማሳቸውን ለወፍ ጥለው አይቀመጡም፤ የከሳሽ ሥራ እንዲቆም የሚል ሕግ አላየሁም አሉ። ስለዚህ የጣሊያን መንግሥት የታጠቀ ወታደር ከነመቀነቱ ተጎትቶ የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ ወጣ። አብዱልሃዲ ከማማው ሥር ጥላ ይዞ ኪታቡን ዘረጋ። ጫቱ በእርጥብ ጨርቅና በኮባ ተጠቅልሎ፣ ማስረጃ ነውና፣ ሁለቱም እንዲያዩት መሐላቸው ካለው ቋሚ ላይ ተሰቀለ።

የመጀመሪያውን ቀን በላይ በኩራት አሳለፈው። ፊቱን አጥቁሮ አንድም ወፍ አላባረረም። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሐራራው መጣ። አፉ በማዛጋት ብዛት አልገጥም አለ። ዓይኑ አለቀሰ። ጥቅሉን ላለማየት ፊቱን ቢያዞር ቋጠሮው መልሶ ያዞረዋል።

«ጋሽ ሙሄ» አለ በመጨረሻ፣ «ጫት መሆኑን አረጋግጠናል ግን?»

ጋሽ ሙሄ ወንጭፋቸውን አወረዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተከሳሽ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር።

«ደግ አነሣህ። አንተ ክርስቲያን ነህ። ጫት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በመልኩ።»

«መልክ ያሳስታል። ጌሾ ቢሆንስ?»

«ቢቀመስ ይለያል» አለ በላይ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ጋሽ ሙሄ አንድ ቅጠል ቀነጠሱለት። በላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣም ረጅም ምርመራ አድርጎ፣ እርግጠኛ አይደለሁም አለ። ጋሽ ሙሄም ልክ ነህ፣ በአንድ ምስክር አይፈረድም ብለው ሁለተኛውን አቀረቡ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አልተስማማም። ሦስተኛው እንዲያስታርቅ ተጠራ። አራተኛው ላይ የዳኛ ግራ ቀኝ ያስፈልጋል ተብሎ ጋሽ ሙሄ ራሳቸው ምስክር ይመረምሩ ጀመር። ተከሳሽም ማስረጃውን የማየት መብት አለው ተባለና ለአብዱልሃዲ ድርሻው ወረደለት። ያን ዕለት ወፍ በዚያ ማሳ ላይ አላረፈም። የበላይ ጩኸት ካራቆሬ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ።

በማግሥቱ እትዬ ሐምዲያ ምሳ ይዛ መጣች። ለባሏ ወተት፣ ለደረሳው ወተት፤ ለበላይ ግን የማሽላ ቂጣ በተልባ ነበር። እሱ ገርሞት ሲያያት «ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾምህ ነው» አለችው። በላይ ራሱ ረስቶት ነበር።

ቂጣውን ይዞ ቁልቁል አብዱልሃዲን አየው። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቅጠል ገልጧል፤ ለሸሁ በቃሉ ሊያነብላቸው እየሸመደደ ነው። በላይ አሥራ ሦስት ሰው ሲያስር የአንዱንም ኪታብ ስንት ቅጠል እንደቀረው አልጠየቀም። ቂጣውን ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሽ ሙሄ፣ እናቴ ይህን ብትሰማ…»

«ማን ይነግራታል? እዚህ ያለው ወፍ ነው» አሉና ሌላ ምስክር ዘረጉለት።

ሐሙስ ማሬሻሎ ሲመለስ ሦስት ሰው ተሰልፎ ገባ። በላይ ሰላምታ ለመስጠት ክንዱን ሲያነሣ መቀነቱ ኩታውን ስቦ ጋሽ ሙሄን ወደፊት አንደረደራቸው። ማሬሻሎ፣ በላይ በቃረማት ጣሊያንኛ እየታገለ ሲያስረዳው ነገሩን ሰምቶ፣ ጫቱ የታለ አለ። ኮባው ተፈታ። ውስጡ የተራቆተ እንጨት ብቻ ነበር። ቅጠል የሚባል አልቀረም።

ማሬሻሎ አንዱን እንጨት አንሥቶ፣ ምንድን ነው ብሎ በላይን አፈጠጠበት።

ያን ጊዜ ጋሽ ሙሄ አንዲት ቃል ቢናገሩ ሙግቱን ይረቱ ነበር። ያ ሰው፣ በላይ፣ ማስረጃውን በላ ቢሉ፣ በላይ አፉን ይከፍታል፣ ጥርሱ ይመሰክራል፤ ወሬው ከማሬሻሎ ጅራፍ ቀድሞ የእናቱ ደጅ ይደርሳል። ረትተው የማያውቁት ጣሊያን ፊት የሚረቱበት ቀን ነበር። ጋሽ ሙሄ ግን ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ያሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው ትላለች እትዬ ሐምዲያ። ዝም ብለው ከእንጨቱ አንዱን አነሡና ጥርሳቸውን ይፍቁ ጀመር።

በላይ የጋሽ ሙሄን እንጨት አየ።

«መፋቂያ ነው» አለ።

ማሬሻሎ ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ መፋቂያ ምን ያደርጋል አለ። ጋሽ ሙሄ ንጽሕና የእምነታችን ግማሽ ነው ብለው አስተረጎሙ። ሹሙ እንጨቱን አሽትቶ ጣለና ሦስቱንም ከፊቴ ጥፉ አላቸው። አብዱልሃዲ ከበሩ ሲወጣ አልሮጠም፤ ግን እግሩ መሬት ሲነካ ያየው ሰው የለም። ኪታቡን በአሥር ቀን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ በላይ እስር የያዘ ደረሳ ሲያጋጥመው «መፋቂያ ነው?» ይላል። ደረሳውም «መፋቂያ ነው» ይላል። የነጋዴው ሕግ በመጨረሻ ለደረሳውም ደረሰው።

ሦስት ዓመት አልፎ ጣሊያን ሲወጣ አርበኞች ወርደው በላይን ያዙት። ቀዩን መቀነት ጥሎ ኩታ ለብሷል፤ ግን ሰው ፊቱን ያውቃል። አሥራ ሦስት ሰው ጣርማ በር ልኳል አሉ። በላይ አልካደም። ገመዱ ተዘጋጅቶ ነበር።

«በሕግ አምላክ።»

አርበኞቹም የሸዋ ልጆች ናቸው፤ ቆሙ።

«ወላሂ እኔ ነገር አልወድም» አሉ ጋሽ ሙሄ እያለከለኩ። «አሥራ ሦስቱን ልኳል፤ እውነት ነው። አሥራ አራተኛውን ግን አልላከም።»

ከሕዝቡ መሐል ዝምተኛው አብዱልሃዲ ወጣ። «አሥራ አራተኛው እኔ ነኝ» አለ።

«ደግሞም ይህ ሰው ከእኔ ጋር ያልተቋጨ ሙግት አለበት» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ያልተፈረደበትን ቁራኛዬን ማን ሊወስድብኝ ነው?» የአርበኞቹ አለቃ የምን ሙግት ነው ሲላቸው፣ ማስረጃዬን አጥፍቶብኛል አሉ። ምን ማስረጃ ቢባሉ፣ ሩቡን የበሉት እሳቸው ነበሩና፣ ዝርዝሩ ለችሎት ነው ብለው ዘጉት። እየተናገሩ የሁለቱን ኩታ ጫፍ ይቋጥሩ ነበር። አለቃው ሳቀ። ሲፈረድ ታስረክበኛለህ ብሎ ለቀቀላቸው።

እስከ ዛሬ አልተፈረደም። በላይ ከጋሽ ሙሄ ማሳ አጠገብ ማሽላ ይዘራል። ወፍ በመጣ ቁጥር ሁለቱ አንድ ማማ ላይ ወጥተው ሙግቱን ካቆሙበት ያነሡታል፤ ወፎቹን አደም ማሳ ላይ ሰድደው ቀጠሮ ይለውጣሉ። ባለፈው ዓመት ሽማግሎች ተሰብስበው፣ ይህን ያህል ዘመን መካሰስ ነውር ነው፣ ታረቁ ብለው ለመኑ። ጋሽ ሙሄ መልስ ሊሰጡ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በላይ ቀደማቸው። ኩታውን አስተካከለና የተጨማደደውን ጫፍ በእጁ ያዘ።

«እኔ ነገር አልወድም» አለ። «ግን ሙግቴን ለማንም አልተውም።»