የአንዲት ፍየል ሁለት ቅጠል

የላይኛውና የታችኛው ጸሎት ቤት የጋራ ኮሚቴ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ላውንደሪ ጓዳ ተሰብስቧል። ቦታው የተመረጠው የሁለቱም ስላልሆነ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል፤ ወንበር ግን አልተሟላም።

የተገኙ፦
የላይኛው ቤት ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር
የታችኛው ቤት ሊቀ መንበር፣ ልብስ ሰፊ፣ የመምህሩ ታናሽ ወንድም
ባለ ጋራዡ፣ ከላይኛው ቤት
ፋርማሲስቷ፣ ከታችኛው ቤት
የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ፣ ያለ ድምፅ
ጸሐፊ፣ የቀድሞ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ «ጽሑፍህ ያምራል» ተብሎ የተጫነበት

ከአጀንዳ በፊት

ሁለቱም ሊቃነ መናብርት፣ እህታቸው ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ስለምትገባ ስብሰባው እንዲያጥር ጠይቀዋል። የጠየቁት ለየብቻ ነው። ሆስፒታልም የሚሄዱት ለየብቻ ነው፤ ታላቅየው በጠዋቱ የመጠየቂያ ሰዓት፣ ታናሽየው በከሰዓቱ። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ወዲህ የሚነጋገሩት በጸሐፊው በኩል ሲሆን፣ ጸሐፊው ይህ ሥራ እንደሰለቸው በዚህ አጋጣሚ ያሳውቃል።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ሁለቱ ቤቶች ድሮ አንድ ነበሩ። የተለያዩት በጸሎት ሰዓት መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ በሚል ጠብ ነው። ይከፈት ያሉት ላይ ቀሩ፣ ይዘጋ ያሉት ታች ወረዱ። አንዱን ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ መምህሩ ቅጠል በቅጠል ቆጥረው እኩል ለሁለት አካፈሉት፤ ልብስ ሰፊው ክሩን በመቀሳቸው ቆረጡ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። መቀሱ ያረፈው ግን የሕሙማን ጸሎት መሀል ላይ ነው። የላይኛው ቤት ግማሽ «አቤቱ፣ በአልጋ ላይ የተኛውን» ብሎ ያልቃል፤ የታችኛው ቤት ግማሽ «አንተ አንሣው» ብሎ ይጀምራል።

አጀንዳ አንድ፦ ከሁለቱ ግማሾች ጥንታዊው የትኛው ነው?

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ግማሽ ጥንታዊ፣ የሌላው በኋላ የተቀጠለ መሆኑን ሲናገር ኖሯል። ነገሩ እንዲለይ ተብሎ ባለሙያዋ ባለፈው ወር ብራናውን በላጲስ ቀስ አድርገው አሽተው፣ ፍርፋሪውን ወስደው ዲኤንኤውን መርምረዋል።

ባለሙያዋ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ባለ ጋራዡ የላይኛው ቤት ማሸነፉ ይመዝገብልኝ አሉ። ፋርማሲስቷ «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ሲሉ ተቃወሙ። ባለሙያዋ ነገሩ በእርግጥም ስለ ፍየል መሆኑን አስረዱ። የላይኛው ቤት የመጨረሻ ቅጠልና የታችኛው ቤት የመጀመሪያ ቅጠል ከአንዲት ፍየል ቆዳ የወጡ ናቸው። አንዱ ካንዱ ሊቀድም የሚችለው ፍየሏ በተለያየ ዘመን በከፊል በከፊል ከታረደች ብቻ ነው ብለዋል።

ባለ ጋራዡ እንግዲያው በራሷ በኩል ያለው ለላይኛው ቤት ይሁን አሉ። ልብስ ሰፊው በጸሐፊው በኩል፣ ጭራው ለእኛ ተመድቦ ከሆነ ከወዲሁ እንወቀው አሉ። መምህሩ ፍየል ከወደ ጎንም እኩል ልትከፈል እንደምትችል በወረቀት ሥለው አሳዩ። ሥዕሉ ፍየል አይመስልም በሚል ሌላ ክርክር ተነሣ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ውሳኔ አንድ፦ ፍየሏ ራስም ጭራም እንዳልነበራት ሆና እንድትቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ያልታሰበ

ባለሙያዋ ቦርሳቸውን እየዘጉ አንድ የቀረ ነገር አለ አሉ። በእነዚያ ሁለት ቅጠሎች ላይ ከሌላው ገጽ ሁሉ በበለጠ የሰው ዲኤንኤ ተገኝቷል። ቅርብ ጊዜ የተሳሙና እንባ የነካቸው ይመስላሉ። ደግሞ በላይኛው ቤት ቅጠልም በታችኛው ቤት ቅጠልም ላይ የተገኙት ያው ሰዎች ናቸው።

ሁለቱም ቤቶች ምእመናቸው የሌላውን ደጃፍ እንዳይረግጥ አስጠንቅቀው ስለነበር ጫጫታ ሆነ። ባለ ጋራዡ መሀላችን በሁለት ቢላዋ የሚበላ አለ አሉ።

ውሳኔ ሁለት፦ ወደ ሌላው ቤት የሄደ ሁሉ ከቤቱ ይባረር።

ውሳኔ ሦስት፦ ለማጣራት እንዲመች አባላት አሁኑኑ ምራቅ ይስጡ።

ብርጭቆ መጣ። ባለ ጋራዡ የእሳቸው ምራቅ በናፍጣ የተበከለ ስለሆነ እንደማይረባ ገለጹ። ፋርማሲስቷ መድኃኒት ላይ ነኝ አሉ፤ የምን መድኃኒት ተብለው ሲጠየቁ የሙያ ምስጢር ነው አሉ። ልብስ ሰፊው ክር ሲያርሱ ውለው ምራቅ እንዳለቀባቸው፣ መምህሩም ነገሩ ዕድሜያቸውን እንደማይመጥን አስረዱ። ብርጭቆው ባዶውን ተመለሰ።

ባለሙያዋ ብርጭቆው ባይመጣም ይሻል ነበር አሉ። የማንንም ስም እንደማያውቁ፣ ማወቅም ሥራቸው እንዳልሆነ፣ ነገር ግን አብዝተው ከሳሙት መካከል ሁለቱ ካንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንዶች መሆናቸውን ተናገሩ።

ሁሉም ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ዞሩ። መዞራቸው እንዲመዘገብ የጠየቀ የለም፤ ጸሐፊው መዝግቦታል።

መምህሩ፦ «ጸሐፊው ይጠይቅልኝ፤ በየት በኩል ገባ?»

ልብስ ሰፊው፦ «ጸሐፊው ይንገርልኝ፤ በመስኮቱ። ከፍተው የሚተዉት እነሱ አይደሉ? እሳቸውስ እኛ ጋ በየት ገቡ?»

መምህሩ፦ «በበሩ። መስኮት ሲዘጋጉ በሩን መቆለፍ ይረሱታል።»

ከዚህ በኋላ ጸሐፊውን የጠየቀው የለም። ልብስ ሰፊው በቀጥታ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ስለ እታለም ነው፣ ወንድም ጋሼ» አሉ። «የእኛ ግማሽ አንሣው ይላል እንጂ ማንን እንደሆነ አይልም። ከመጀመሪያው ልጸልይላት ብዬ ነው የመጣሁት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የእኛ ደግሞ አልጋ ላይ ጥሏት ነው የሚያልቀው። እንደዚያ ትቻት ቤቴ መግባት አቃተኝ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ እኮ። ነገን ፈርቻለሁ፣ አንተ ልጅ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ ልብስ ሰፊው። «እሷ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር፣ አብራችሁ የማትመጡት ለምንድን ነው ትለኛለች።»

«እኔንም ትለኛለች» አሉ መምህሩ።

ፋርማሲስቷ ሳይጠየቁ፣ እናታቸው የታመሙ ጊዜ ላይኛው ቤት መሄዳቸውን ተናገሩ። ባለ ጋራዡ ልጃቸው ትኩሳት የያዘው ጊዜ ታችኛው ቤት የሄዱት ጫማቸውን አውልቀው ስለሆነ ደጃፉን ረግጠዋል እንደማይባል አስረዱ። ጸሐፊው አልተጠየቀም፤ ባለመጠየቁም ደስ ብሎታል።

አጀንዳ ሦስት፦ የቀደሙትን ውሳኔዎች ስለ መመርመር

ውሳኔ ሁለት ቢፈጸም ለውሳኔው ምልዓተ ጉባኤ የሚሆን ሰው እንደማይተርፍ ፋርማሲስቷ አመለከቱ። ባለ ጋራዡም ቢሆኑ ተቃውሞ የላቸውም።

ውሳኔ አራት፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። የሚባረር የለም፤ ምራቅም አይሰጥም፤ ፍየሏም ራሷና ጭራዋ ተመልሶላታል። መስኮቱን በተመለከተ ከመወያየት እግዜር ይጠብቀን ተብሎ ታልፏል።

ስብሰባው የከሰዓቱ የሆስፒታል መጠየቂያ ሲደርስ ተበትኗል። ቃለ ጉባኤው አልተፈረመበትም፤ ፈራሚዎቹ ለስብሰባው ያመጡትን የየቤታቸውን ግማሽ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው አብረው ወጥተዋል። መምህሩ «በአልጋ ላይ የተኛውን» እስከሚለው ድረስ እንዲያነቡ፣ ልብስ ሰፊው ከ«አንተ አንሣው» እንዲቀጥሉ ደረጃው ላይ ሲስማሙ ተሰምተዋል። ይህ ውሳኔ ስላልሆነ አልተሻረም።